ቡችላዬን ትኋን ማሽተት አስተማርኩት፦ ስለ አሰልጣኙ ከ4 ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት

መጀመሪያ አትሳቁ።

ቤተሰቦቼ አራዳ አካባቢ 14 ክፍል ያላት አሮጌ ፔንሲዮን አላቸው። ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለመርካቶ ሸመታ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ነው የሚያድርባት። እንዲህ ዓይነት ቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን ጮክ ብሎ የማያወራው አንድ ነገር አለ። ትኋን። አንዱ እንግዳ በሻንጣው ይዞት ይገባል፣ ሌላው በሻንጣው ይዞት ይወጣል፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የቤቱ ነው።

ያላደረግነው የለም። የፈላ ውሃ ደፍተናል። አልጋ ግቢ አውጥተን ፀሐይ ላይ ገልብጠናል። እናቴ በልጅነቷ እንዳየችው የርብራቡን ስንጥቅ ሁሉ በነጭ ጋዝ ቀባችው፣ ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ማደያ ማደያ ሸተተ። አንዴ 21,000 ብር ከፍለን 14ቱንም ክፍል አስረጨን። በ3 ወሩ ተመልሶ መጣ። ለነገሩ ትኋንን መግደሉ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ትንሽ ከቆየ እሱም እንቁላሉም ያልቅለታል። የሚያስቸግረው የት እንዳለ ማወቁ ነው። ትልቁ ትኋን ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀን ቀን ደግሞ ዞኮሎ ሥር፣ ሶኬት ውስጥ፣ የአልጋው ራስጌ ቀዳዳ ውስጥ ይውላል። 14 ክፍል ሙሉ ይህን በባትሪ ስትፈልጉ ዋሉ እስቲ።

ውጭ አገር ሆቴሎች ለዚህ ሥራ ውሻ እንደሚያስገቡ አንብቤ ነበር። ውሻው ደግሞ ቤት ውስጥ ነበረኝ። አክስቴ ካዛንቺስ ከነበረው ቤቷ ስትነሳ እናቱን ለኛ ተወችልን፣ ቡላ የእሷ ልጅ ነው። ስሙ ከቀለሙ ነው፣ ከገንፎው አይደለም። ሥልጠና ስንጀምር 5 ወሩ ነበር። የጠራ የሐበሻ ውሻ ነው፤ ጆሮው አንዱ የቆመ፣ አንዱ የተኛ።

ከዋናው አሰልጣኝ በፊት አንድ ሌላ ሰው ነበረ። ብዙ አላወራለትም። የሚያንቅ ሰንሰለት ይዞ መጣ፣ ግማሽ ሰዓት ጮኸበት፣ ቡላ ሽንቱን ለቀቀ፣ እኔ 6,000 ብር ቀብድ ከፍዬ ስለነበር ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ ስልኩ ዝግ ሆነ። ይኸው ነው። ትምህርቱ 6,000 ብር ፈጀ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁለተኛውን አሰልጣኝ «ጋሼ» ብቻ ነው የምላቸው። ስማቸውንም የቦታቸውንም ስም አልጽፍም። ምክንያቱ የፔንሲዮናችን ክፍል 6 ታሪክ ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በወጣትነታቸው ከአነፍናፊ ውሾች ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ቦታቸው ከቸርችል ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ ድሮ ጋራዥ የነበረ ግቢ ነው። ምልክት የለውም። መጀመሪያ ቀን ሁለቴ አልፌው ሄጃለሁ። መኪና ማቆሚያ የለም፣ በክረምት መግቢያው ጭቃ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱን ባትጠይቁኝ ይሻላል።

መጀመሪያ የጠየቁኝ የክትባት ወረቀት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ካልተከተበና ወረቀቱን ካላሳየሁ በሩን እንደማይከፍቱልኝ በስልክ ነግረውኛል። ደስ አለኝ። «ፓስተር ሄዶ መርፌ ተወጋ» ሲባል እየሰማ ባደገ ሰው ከተማ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነው፣ ሰው ሁሉ ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ አይሆንም ይለኛል» አልኳቸው።

«ዘሩን ተይው ልጄ፣ አፍንጫውን አሳዪኝ» አሉ።

ከኪሳቸው የጥፍር ቁራጭ የምታክል ቋንጣ አወጡና ለቡላ አሳይተው ሣሩ ውስጥ ወረወሩ። ሰዓታቸውን ያዙ። ቡላ ሮጠ፣ አላገኘም፣ ዞረ፣ ጭንቅላቱን ቀበረ። አንድ ሰው መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ቀና አላለም። 2 ደቂቃ ከምናምን ሲሆን አገኛት። «ይሆናል» አሉ። ፈተናው ይኸው ነበር። የሚፈልጉት ተስፋ የማይቆርጥ ውሻ ነው፤ አይተው የሚመልሷቸው ውሾችም አሉ፣ አንድ ሰው የሚያምር ሼፐርዱን ይዞ መጥቶ «ይህ ዘበኛ ይሁንልህ፣ ገንዘብህን አታባክን» ብለው ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ብር አምጪን ሰው የሚመልስ ነጋዴ ብዙ አላየሁም።

ሥልጠናው ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋታ ነው። 6 የሳልሳ ቆርቆሮ መሬት ላይ ይደረደራል። ክዳናቸው በሚስማር ተበስቷል። በአንዱ ውስጥ ብልቃጥ አለ፣ በብልቃጡ ውስጥ ትኋን። ቡላ እያሸተተ ያልፋል፣ ትክክለኛው ላይ አፍንጫው ሲቆም ጋሼ በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ!» ይላሉ፣ ቋንጣው ይመጣል። ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ «ጎሽ» ማለት ዋጋ የለውም። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየዘገየሁ ነበር። ውሻው አሽትቶ ቀና ሲል ነበር የማሞግሰው፣ ስለዚህ ቀና ማለትን ተማረልኝ። ቆርቆሮው ጋ ይደርስና ቀና ብሎ ያየኛል። ጋሼ ሳቁ። «እሱ ምን ያድርግ፣ ያስተማርሽውን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ሽታውን ሲያገኝ ቁጭ እንዲል ተደረገ። መጫር፣ መንከስ፣ መጮኽ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ለኛ ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው። ውሻ አልጋ ላይ ምራቁን ካንጠባጠበ ወይም ፍራሽ ከጫረ አለቀልን። እናቴ ቀድሞውንም «ውሻ የገባበትን ክፍል ማን ጠበል ሊረጭልሽ ነው?» ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች። ሙስሊም እንግዶችም አሉን፣ የውሻ ምራቅ ነገር ለእነሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ይገባል፣ አንሶላው ተነስቶ፣ አፉ ምንም ሳይነካ። ጋሼ ይህን እኔ ሳልጠይቅ ነው ያሰቡት።

ንጽሕናው ላይ ጨካኝ ናቸው። ሽታ ያለበት ቆርቆሮ ከሌሎቹ ጋር አብሮ አይቀመጥም፣ አብሮ አይታጠብም። ብልቃጥ በእጅ አይነካም፣ በጓንትና በወረንጦ ነው። ለምን? በእጄ ከነካሁት ውሻው የሚማረው የእኔን እጅ ሽታ ነዋ። ባዶዎቹን ቆርቆሮዎችም በጓንት መንካት አለባችሁ፣ አለበለዚያ «ጓንት የሸተተው ነው ትክክለኛው» ብሎ ይማራል። አንድ ቀን አዲስ የገዛሁትን ፕላስተር አንዱ ላይ ብቻ ለጥፌ ቡላ ከርቀት ሄዶ እሱ ጋ ቁጭ አለ። ትኋኑ ሌላኛው ውስጥ ነበር። ውሻ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፣ የቀለለውን መንገድ ይወስዳል እንጂ። እኛስ?

አንድ የወደድኩት ነገር ልንገራችሁ። አቧራማ ወለል ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ ውሻ ሲያነፈንፍ እዩ። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ በፊት ለፊት ቀዳዳው ነው፤ ሲያስወጣ ግን በአፍንጫው ጎንና ጎን ባለች ስንጥቅ ነው። ሁለት ትንንሽ የአቧራ ጭስ በግራና በቀኝ ቡን፣ ቡን ይላል። የሚያስወጣው አየር የሚያስገባውን ሽታ አይበትንበትም ማለት ነው። በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል እንዲህ ያደርጋል። ሲያለከልክ ግን በአፉ ስለሚተነፍስ ማሽተቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቀጠሮው ጠዋት 12፡30 የሚሆነው፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ለአንድ ዙር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። 1,000 ብር ከፍዬ ውሻው የሚሠራው ሲደመር 15 ደቂቃ? ቀሪው ሰዓት ምንድነው? ቀሪው ሰዓት የእኔ ትምህርት ነው። ማሰሪያውን ሳትወጥሪ ያዢ፣ አትቁሚበት፣ አታውሪ፣ አትመሪው፣ ተከተዪው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል የሰማሁት በትምህርት ቤት ነው፣ የገባኝ ግን እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሆዳችሁ ደካማ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ትኋኖቹ መብላት አለባቸው። ሳይበሉ ወራት ይቆያሉ፣ ግን ለሥልጠና ሕያው ሆነው የሚሸቱ ናቸው የሚፈለጉት። ጋሼ በየጊዜው እጅጌያቸውን ይሰበስቡና አፉ በሴት ስቶኪንግ የታሰረውን ብልቃጥ ክንዳቸው ላይ ይገለብጡታል። ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ቡናማና ጠፍጣፋ የነበሩት ትኋኖች 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀልተው ይነፋሉ። ክንዳቸው ላይ ተርታውን የተደረደሩ እብጠቶች አሉ። «አያሳክክዎትም?» ስላቸው «ልጅ ማሳደግ አያሳክክም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሕያው መሆኑ ለምን አስፈለገ? ክፍል ተረጭቶ ሁሉም ቢሞት ሬሳው፣ የገለፈተው ቆዳ፣ ኩሱ ግድግዳው ውስጥ ለወራት ይቀራል። ውሻው በዚያ ሁሉ ቁጭ ካለ ንጹሕ ክፍል እንደገና ታስረጫላችሁ። ስለዚህ የሞቱ ትኋኖች በሌላ ቆርቆሮ ይቀመጣሉ፣ እዚያ ቁጭ ቢል ቋንጣ የለም። ውሾች ይህን መለየት እንደሚችሉ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2008 አሳይተዋል፤ በእነሱ ሙከራ ውሾቹ ሕያዋኑን 95 በመቶ በትክክል አግኝተዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ ቡላን ቀና ብዬ አይቼው «ሀብታም ልንሆን ነው» ብዬዋለሁ።

ከዚያ ሌላኛውን አነበብኩ። በ2014 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሥራ ላይ ያሉ የውሻ ቡድኖችን ይዘው ሰው በሚኖርባቸው አፓርትመንቶች ፈተኗቸው። በአማካይ የተገኘው 44 በመቶ ብቻ ነው። አንዳንዱ ቡድን 10 በመቶ፣ አንዳንዱ 100። ትኋን በሌለበት ክፍል «አለ» ማለት ደግሞ በአማካይ 15 በመቶ። ይህን ለጋሼ ወስጄ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ትክክል ነው» አሉ። «ለዚህ ነው ትኋን የሌለበት ባዶ ክፍል የሚያስፈልግሽ።»

እዚህ ጋ ነው ሰውዬው ለኔ ከሌላው የተለዩት። 7ኛው ሳምንት አካባቢ ቡላ ጎበዝ ሆኖ ነበር። ብልቃጡን እኔ እደብቃለሁ፣ እሱ ያገኛል፣ 10 ከ10። ቪዲዮ ቀርጬ ለዘመድ አዝማድ ልኬ ነበር። ጋሼ ቪዲዮውን አዩና «አሁን እኔ ልደብቅ፣ አንቺ ውጪ» አሉ። ገባን። ቡላ ዞረ፣ አልጋው ጋ ሲደርስ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ቁጭ አለ። ቋንጣ አወጣሁ። «የለም» አሉ ከበሩ ላይ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ሁለተኛ ክፍል፣ ያው። ሦስተኛው ላይ ነበረ፣ አለፈው።

ለካ የማውቀው ቦታ ስንደርስ እርምጃዬ ይቀንስ ነበር። ትንፋሼን እይዝ ነበር። ውሻው ሁለት ወር ሙሉ ሲያነብ የነበረው እኔን ነው፣ ትኋኑን አይደለም። ቤቴ ሄጄ ነው ይህ የታወቀ ነገር መሆኑን ያገኘሁት። በፈረንጆች 1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሒሳብ ይሠራል የተባለ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር፣ በኋላ ሲመረመር የጠያቂውን ገጽታ እያየ እግሩን መምታት የሚያቆም ሆኖ ተገኘ። በ2011 ደግሞ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ውስጥ 18 የሠለጠኑ አነፍናፊ ውሾች ከነያዦቻቸው ምንም ሽታ ወዳልተቀመጠበት ቦታ ተወሰዱ፤ ያዦቹ ግን ሽታ ሊኖር እንደሚችል ተነግሯቸው ነበር። ከ144 ፍተሻ ምንም የሐሰት ምልክት ያልተሰጠበት 21 ብቻ ነው። እነዚህ የፖሊስና መሰል ሥራ ውሾች ናቸው እንግዲህ። የእኔ ቡላ ምን አላት!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥልጠና ሁሉ እኔ ሳላውቅ ሆነ። የአጎቴ ልጅ ይደብቃል፣ ወጥቶ ይሄዳል፣ ጋሼም አያውቁም። ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። ባዶ ክፍል ፈትሾ ቁጭ ሳይል ከወጣ በር ላይ ይጫወታል፣ ይሞገሳል። ይህን በመጀመሪያው ወር ቢጀምሩት ኖሮ ስድስት ሳምንት ባልባከነ ነበር። ነግሬያቸዋለሁ። «ቀድሜ ብጀምር ተስፋ ቆርጠሽ ትሄጂ ነበር» አሉኝ። ላይሆን ይችላል፣ ግን ምናልባትም እሄድ ነበር።

ድንብላሉን ልረሳው ነበር። 10ኛው ሳምንት ላይ ቡላ በኮሪደሩ አልፎ ወጥ ቤት ገባና መደርደሪያው ሥር ቁጭ አለ። እናቴ ጮኸች። «ወጥ ቤቴ ውስጥ ትኋን አለ ልትሉ ነው?» መደርደሪያው ላይ ከአትክልት ተራ የመጣ እርጥብ የድንብላል ቅጠል ነበር። ጋሼ አንሥተው አሸተቱት፣ እኔንም አስሸተቱኝ፣ ከዚያ የትኋኑን ብልቃጥ። ወገኖቼ፣ ይመሳሰላል። ትኋን የሚለቀው ሽታና የድንብላል ቅጠል ሽታ ውስጥ ተመሳሳይ ኬሚካሎች አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንብላል ከበረሮና ከጓንት ጋር «ቋንጣ የማይሰጥባቸው» ቆርቆሮዎች ውስጥ ገባ። ለሁለት ሳምንት ግን ድንብላል ያለበት ምግብ መብላት አልቻልኩም።

ስለ ቋንጣ ካነሳን፣ ሥልጠናው ዐቢይ ጾምን አገኘው። 55 ቀን። በጾም ቤት ውስጥ ማንም ሥጋ በማይነካበት ሰዓት እኔ ብቻዬን ጓሮ ለውሻ ጉበት ስቀቅል ጎረቤት ምን እንዳለ አልደግመውም።

በ8 ወሩ ደግሞ ቡላ ጎረመሰ። የሚያውቀውን ሁሉ ረሳ። ቆርቆሮውን አልፎ የሴት ውሻ ሽንት ያሸትታል። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አልፏል፣ ደንግጣችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

አሁን ክፍል 6።

14ኛው ሳምንት፣ ፔንሲዮኑ ውስጥ ነን። የአጎቴ ልጅ ፈተና ስለነበረው በዚያ ቀን የደበቁት ጋሼ ናቸው። ክፍል 6 ውስጥ 3 ብልቃጥ፣ በእያንዳንዱ 4 ትኋን። ሽታው እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ቡላ ገባ፣ ሦስቱንም አገኘ፣ ተጨበጨበ። ጋሼ ብልቃጦቹን በወረንጦ ሲሰበስቡ ከአልጋው ራስጌ ያወጡትን አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ዝም አሉ። ስቶኪንጉን የያዘው ላስቲክ ተበጥሷል። ብልቃጡ ባዶ ነው።

አራት ትኋን። ትኋን ልናጠፋ ትኋን ዘራን!

መጀመሪያ ያሉት «ያጋጥማል» የሚል ነው። ይቅርታ አልመጣም፣ ወዲያው አልመጣም። እኔ የተናደድኩት ላስቲኩ በመበጠሱ አይደለም፤ ብልቃጡ ክዳኑ በተበሳ ሌላ ቆርቆሮ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ሽታው ይወጣ ነበር፣ ትኋኑ አይወጣም ነበር። ይህን ያህል ዓመት የሠራ ሰው ይህን ማሰብ አለበት፣ ያውም የሰው መተዳደሪያ ቤት ውስጥ። አሁን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ግን በእኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ነው። በማግስቱ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፣ የሁለት ጊዜ ክፍያም ተዉልኝ። ክፍሉ የቆመበትን ኪራይ ግን የሚከፍል የለም።

አንዷን ያን ቀን በባትሪ ፍራሹ ስፌት ላይ አገኘናት። በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን አናፍሰን ቡላን አስገባነው። ብልቃጥ ያረፈበት ቦታ ሽታው ስለሚቀር እዚያ ቢቀመጥ እንዳላምነው ጋሼ አስጠንቅቀውኝ ነበር። እዚያ አልተቀመጠም። ሶኬቱ ሥር ተቀመጠ። ፈታነው፣ አንድ ወጣች። የቁም ሳጥኑ ኋላ እግር ጋ ተቀመጠ፣ አንድ ወጣች። ይህኛው የማንም ጨዋታ አልነበረም፣ የት እንዳለች በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴ በር ላይ ቆማ አይታው «ይህ ውሻ...» ብላ ሳትጨርስ ሄደች። ማታ ከሳህኗ የተረፈውን ራሷ አውጥታ ሰጠችው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በግቢያቸው 16 ጊዜ በ1,000፣ እኛ ቤት 8 ጊዜ በ1,500፣ ሁለቱ ቀርተውልኝ በድምሩ 25,000 ብር። ቋንጣና ጉበቱ የራሴ ነው። በቴሌብር ነው የምትከፍሉት፣ ደረሰኝ የለም፣ ለሥራ ቤት ይህ ችግር ነው። ስልክ አያነሱም፣ ራሳቸው ይደውላሉ። ሁለቴ ጠዋት 12፡30 በሩ ተቆልፎ አግኝቼ ተመልሻለሁ። መዝገብ አይዙም ነበር፤ ስንት ጊዜ ተፈትኖ ስንት እንዳገኘ በደብተር መጻፍ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ለሌሎች ደንበኞችም ደብተር እያስገዙ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከኔ መማራቸውን አይናገሩም።

ከደብተሬ፣ ማንም ሳያውቅ የተደረጉ የመጨረሻዎቹ 20 ፍተሻዎች፦ 12 ክፍል ውስጥ ትኋን ነበረ፣ ቡላ 9ኙን አገኘ። 8 ክፍል ባዶ ነበር፣ በ2ቱ ላይ በሐሰት ቁጭ አለ። ይህ የራሱ ቤት ውስጥ ነው፣ በለመደው ኮሪደር፣ በለመደው ሰው። ሌላ ቤት ይዤው ብሄድ ይህን ቁጥር አልምልበትም። ሁለት የፔንሲዮን ባለቤቶች «አከራዪን» ብለውኝ እምቢ ብያለሁ። ቡላ ቁጭ ያለበትን ክፍል እኛ አንረጭም፣ መጀመሪያ በባትሪ እናያለን። የፍተሻውን ቦታ ከ14 ክፍል ወደ አንድ ጥግ አጠበበልን፣ እኔ የገዛሁት ይህንን ነው።

ዘበኛ ውሻ ወይም ቪዲዮ ላይ የሚያምር ትርዒት የምትፈልጉ ከሆነ ሰውዬው አይሆኗችሁም። በየቀኑ ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ የማትሰጡም ከሆነ አትሂዱ፣ እሳቸው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚያዩት፣ ቀሪው እናንተ ናችሁ። አንድ ሰው «ለዚህ ሁሉ ውሻ ምን አስፈለገ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ውሻ ብቻ አይደለም የሚያሸተው። አፖፖ የሚባለው ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ የሚያሠለጥናቸው ትልልቅ አይጦች አሉ፣ እዚሁ አዲስ አበባም የሳንባ ነቀርሳ ናሙና ያሸታሉ። እስቲ ለእናቴ «አይጥ አሠልጥኜ ክፍል ውስጥ ልልቀቅ» በሏት።

አራተኛዋ ትኋን አልተገኘችም። ባለፈው ቅዳሜ ቡላን ክፍል 6 አስገባሁት። ዞረ፣ ራስጌውን፣ ዞኮሎውን፣ መጋረጃውን አሸተተ፣ ሳይቀመጥ ወጣ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቅ ነበር።

«የለም አይደል? ታዲያ ይከራይ።»

«ገና ነው» አልኳት።

«ውሻሽን አታምኚውም እንዴ?»

ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።